ባዶው የሕፃን አልጋ
የሠዓሊት ኤሊዛቤት ቪዤ ለብራን ሕይወትና የንግሥቲቱ ቤተሰብ ሥዕል

በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ከሚገኙት ሥዕሎች መካከል ቁመቱ 2 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ስፋቱም ከ2 ሜትር የሚበልጥ አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። በመካከሉ ቀይ የከፋይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ በጭንዋ ላይ ነጭ የለበሰ ሕፃን ይዛለች። በአንድ በኩል ከፍ ያለች ሴት ልጅ ክንድዋን ይዛ ቀና ብላ ታያታለች። በሌላው በኩል አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ በጨርቅ ከተሸፈነ የሕፃን አልጋ አጠገብ ቆሞ ወደ ውስጡ ያመለክታል። አልጋው ግን ባዶ ነው።

ሴቲቱ የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ናት። ሥዕሉ የተሠራው ንግሥቲቱ በሕዝብ ዘንድ እየተጠላች በሄደችበት ጊዜ ሲሆን፣ የመንግሥት ሹማምንት ያዘዙትም እርስዋ መልካም እናት መሆንዋን ለሕዝብ አሳይቶ ጥላቻውን እንዲያበርድ በማሰብ ነበር። ሥራው የተሰጠው ከንግሥቲቱ ጋር በአንድ ዓመት ለተወለደች ሴት ሠዓሊ ነው። ሠዓሊዋ የሙያዋን ግዴታ በሚገባ ፈጸመች፤ የታዘዘበት ዓላማ ግን ከግቡ ሳይደርስ ቀረ። አንድ ሥዕል በሥራው ሳይጐድል በዓላማው እንዴት እንደሚወድቅ፣ ከወደቀም በኋላ ሌላ ትርጉም ይዞ እንዴት እንደሚኖር ለመረዳት የኤሊዛቤት ቪዤ ለብራን ሕይወት ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሠዓሊ ልጅ

ኤሊዛቤት ሉዊዝ ቪዤ በኤፕሪል 16 ቀን 1755 በፓሪስ ተወለደች። አባትዋ ሉዊ ቪዤ ፓስቴል በተባለው ደረቅ ቀለም የሰዎችን መልክ በመሣል የሚተዳደር ሠዓሊ ነበር፤ እናትዋ ደግሞ የጠጉር ሥራ ባለሙያ ነበረች። ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሆናት ወደ ገዳም ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም በደብተሮችዋ ጠርዝና በግድግዳው ላይ ሳይቀር የሰው ፊት እየሣለች ብዙ ጊዜ ተቀጥታለች። አባትዋ ግን ዝንባሌዋን አይቶ ደስ ተሰኘ፤ ሠዓሊ እንደምትሆንም አስቀድሞ ተናገረላት።

ይሁን እንጂ አባት ልጁን ለማስተማር ዕድሜ አላገኘም። በ1767 የዓሣ አጥንት ውጦ ባስከተለበት ሕመም ሞተ። ኤሊዛቤት በዚያን ጊዜ 12 ዓመትዋ ነበር። ኀዘንዋን የምትረሳው በመሣል ብቻ ስለሆነ ከቀድሞው ይበልጥ በሥራው ላይ በረታች። የአባትዋ ወዳጆች የነበሩ ሠዓሊዎችም ምክር አልነፈጓትም። ከእነርሱም አንዱ፣ በባሕርና በወደብ ሥዕሎቹ ስመ ጥር የነበረው ዮሴፍ ቬርኔ፣ ማንኛውንም የሥዕል ትምህርት ቤት ሥርዓት ሳትከተል የኢጣልያንና የፍላንደርስን ታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ እንድትመረምር፣ ከሁሉም በላይ ተፈጥሮን ራስዋን እንድታጠና መከራት። ምክሩን እስከ ሕይወትዋ ፍጻሜ ድረስ ጠበቀችው።

እናትዋ ብዙም ሳትቈይ ሌላ ባል አገባች። እንጀራ አባትዋ የጌጣጌጥ ነጋዴ ሲሆን፣ ልጅቱ በሥዕል የምታገኘውን ገንዘብ እየወሰደ ለራሱ ያደርገው ነበር። ኤሊዛቤት ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ቤተሰብዋን የምትረዳ፣ የታናሽ ወንድምዋንም የትምህርት ወጪ የምትችል ባለሙያ ሆነች።

ማኅበርና አካዳሚ

በዚያን ዘመን በፓሪስ ያለ ማኅበር ፈቃድ ሥዕል መሣልና መሸጥ የተከለከለ ነበር። ሠዓሊ ሆኖ ለመኖር ወይ የቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ በሚባለው የሙያተኞች ማኅበር ውስጥ መመዝገብ፣ ወይም ወደ ንጉሣዊው አካዳሚ መግባት ግድ ነበር። ኤሊዛቤት ከሁለቱም አልነበረችም። በዚህም ምክንያት በ1774 መሥሪያ ቤትዋ ተዘጋ፤ ዕቃዋም ታሸገ። እርስዋም ሳትውል ሳታድር ለቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ አመለከተች፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አባል ሆና ተመዘገበች። ዕድሜዋ 19 ነበር። የሙያ ማኅበር ለአባሉ ከለላ፣ አባል ላልሆነው ደግሞ የተዘጋ በር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

በ1776 ዣን ባቲስት ፒየር ለብራን የተባለውን የሥዕል ነጋዴ አገባች። ይህ ሰው የጥንት ሥዕሎችን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሲሆን፣ በእርሱ ቤት የነበሩት የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራዎች ለእርስዋ እንደ ትምህርት ቤት ሆነውላታል። በሌላ ወገን ግን ገንዘብ አባካኝና ቁማርተኛ ስለነበር፣ ሚስቱ የምታገኘውን ሁሉ እየተቀበለ ያጠፋው እንደነበር እርስዋ በጻፈችው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ገልጻለች። በ1780 ዡሊ የተባለች አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሠዓሊዋ ምጥ እስኪይዛት ድረስ ከሥራዋ እንዳልተለየች ጽፋለች።

በ1778 ወደ ቬርሳይ ተጠርታ ንግሥት ማሪ አንቷኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እያየች ሣለች። ሥዕሉ በቪየና ለምትኖረው ለንግሥቲቱ እናት ለማሪያ ቴሬዛ የሚላክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግሥቲቱና ሠዓሊዋ በአድናቆትና በመተማመን ተቀራረቡ። ሁለቱም ዜማ ይወዱ ስለነበር፣ በሥራ መካከል አብረው ያዜሙ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ሠዓሊዋ ፀንሳ ሳለች ብሩሾችዋ ከእጅዋ ወድቀው ቢበተኑ፣ ንግሥቲቱ ራስዋ ጐንበስ ብላ ለቅማ እንደሰጠቻት ጽፋለች። የቤተ መንግሥቱ ሥርዓት እጅግ ጥብቅ በሆነበት በዚያን ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ንጉሣዊው አካዳሚ ለሴቶች የሚሰጠው ቦታ ከአራት እንዳይበልጥ የወሰነ ሲሆን፣ ሴቶች ራቁቱን ከቆመ ወንድ ላይ ሥዕል እንዳይማሩም ይከለከሉ ነበር። ይህን ትምህርት ያላገኘ ደግሞ በጊዜው ከሁሉ የበለጠ ክብር ይሰጠው ወደነበረው ወደ ታሪክ ሥዕል ለመሸጋገር ይቸገራል። የቪዤ ለብራን ጉዳይ ሲቀርብ ሌላ መሰናክል ተጨመረ፤ ይኸውም ባልዋ የሥዕል ነጋዴ መሆኑ ነበር። የአካዳሚው ደንብ አባላት ከንግድ ጋር ግንኙነት እንዲኖራቸው አይፈቅድም። ንግሥቲቱ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባች፤ በንጉሡ ትእዛዝም በሜይ 31 ቀን 1783 ቪዤ ለብራን አባል ሆነች። በዚያው ዕለት ሌላዋ ሴት ሠዓሊ አዴላይድ ላቢይ ጊያርም ገባች፤ ለሴቶች የተፈቀዱት አራቱ ቦታዎችም በዚሁ ሞሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱን ሴቶች ማወዳደር የተቺዎች የዘወትር ሥራ ሆነ። ቪዤ ለብራን ያገኘችው ክብር በችሎታዋ የሚገባት ቢሆንም በንጉሥ ትእዛዝ ስለመጣ፣ የንግሥቲቱ ወዳጅ የሆነው ሁሉ ወዳጅዋ፣ የንግሥቲቱ ጠላት የሆነውም ሁሉ ጠላትዋ ሆነ።

የነጩ ቀሚስ ነገር

አካዳሚው በየሁለት ዓመቱ በሉቭር ሳሎን የሚባል የሥዕል ዐውደ ርእይ ያዘጋጅ ነበር። በ1783ቱ ሳሎን ቪዤ ለብራን ካቀረበቻቸው ሥዕሎች አንዱ ማሪ አንቷኔትን ከስስ ነጭ ጥጥ የተሠራ ቀላል ቀሚስና የገለባ ባርኔጣ አድርጋ የሚያሳይ ነበር። ሠዓሊዋ የተፈጥሮን ውበት ስለምትወድ፣ ንግሥቲቱም በገጠር ቤትዋ እንዲህ ያለውን ልብስ ታዘወትር ስለነበር፣ ሥዕሉ እውነትን የተከተለ ነበር። ሕዝቡ ግን ተቈጣ። አንዳንዶቹ ንግሥት በውስጥ ልብስዋ ተሣለች ብለው አወሩ፤ ሌሎች ደግሞ ኦስትሪያዊቱ የፈረንሳይን የሐር ሥራ ትታ የውጭ አገር ጨርቅ ለበሰች ብለው አሙ። ሥዕሉ ከዐውደ ርእዩ ወርዶ፣ በምትኩ ያችው ንግሥት ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ለብሳ ጽጌረዳ ይዛ የምትታይበት ሥዕል ተሰቀለ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ንግሥት በሥዕል ላይ እንደ ራስዋ የመታየት ነጻነት የላትም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1785 የአልማዝ ሐብሉ ጉዳይ የሚባለው ወሬ ፈነዳ። አታላዮች በንግሥቲቱ ስም ተጠቅመው እጅግ ውድ የሆነ ሐብል አንድን ካርዲናል አስገዝተው ወሰዱ። ንግሥቲቱ በነገሩ አልነበረችበትም። ይሁን እንጂ ካርዲናሉ በ1786 ከክሱ ነጻ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ፍርዱን ንግሥቲቱ ጥፋተኛ እንደተባለች አድርጎ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ጌጣጌጥና ማሪ አንቷኔት በሕዝብ አፍ የማይለያዩ ስሞች ሆኑ።

የ1787 ሥዕል

በ1785ቱ ሳሎን የስዊድን ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ቬርትሙለር ንግሥቲቱን ከሁለት ልጆችዋ ጋር በአትክልት ስፍራ ስትንሸራሸር የሚያሳይ ሥዕል አቅርቦ ነበር። ሥዕሉ ክብር የጐደለው ተብሎ ስለተነቀፈ፣ የንጉሡን ሕንፃዎችና የሥዕል ሥራዎች የሚመራው መሥሪያ ቤት አዲስ ሥዕል እንዲሠራ ወሰነ። ሥራውም ለቪዤ ለብራን ተሰጠ።

የቀረበላት ጥያቄ ከባድ ነበር። ንግሥቲቱ በጣም ካጌጠች የአባካኝነትን ሐሜት ታጠናክራለች፤ በጣም ቀለል ካለች ደግሞ የነጩ ቀሚስ ነቀፋ ይደገማል። ሠዓሊዋ መፍትሔውን በጥንታውያን ሥራዎች ውስጥ ፈለገች። የጊዜው ታላቅ ሠዓሊ ዳቪድ በኢጣልያ ሊቃውንት የተሣሉትን የቅዱስ ቤተሰብ ሥዕሎች እንድትመለከት መከራት ይባላል። በእርግጥም የሥዕሉ አቋም ይህንኑ ያስታውሳል፤ እናቲቱ በመካከል፣ ሕፃኑ በጭንዋ፣ ሌሎቹ በግራና በቀኝ ሆነው ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ ቅርጽ ይሠራሉ። በኢትዮጵያ ምስለ ፍቁር ወልዳ ተብሎ የሚታወቀውን ሥዕል ያየ ሰው፣ እናትና ልጅን በዚህ ዓይነት ማስቀመጥ በተመልካች ልብ ምን እንደሚያሳድር ወዲያው ይገባዋል።

የቀረው ነገር ሁሉ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። ቀሚሱ በጠጉራም ቆዳ የተከፈፈ ቀይ ከፋይ ስለሆነ ክብር አለው። በንግሥቲቱ አንገት ላይ ግን ሐብል የለም። ከኋላዋ በስተቀኝ የጌጣጌጥ ማስቀመጫ ትልቅ ቁም ሳጥን በጥላ ውስጥ ይታያል። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በጥንት ሮማ ኮርኔልያ የተባለች እመቤት ጌጥዋን እንድታሳይ በተጠየቀች ጊዜ ልጆችዋን አቅርባ ጌጦቼ እነዚህ ናቸው ማለትዋ በትምህርት ቤት ሁሉ የሚነገር ታሪክ ነበር። የጌጡ ሳጥን በጨለማ፣ ልጆቹ በብርሃን መሆናቸው ለሐብሉ ሐሜት የተሰጠ ዝምተኛ መልስ ነው። በስተግራ ከሩቅ የሚታየው ዝነኛው የቬርሳይ የመስታወት አዳራሽ ደግሞ ይህች እናት ተራ እናት እንዳልሆነች ያስገነዝባል።

ልጅቱ በ1778 የተወለደችው ማሪ ቴሬዝ ናት። በጭን ላይ ያለው በ1785 የተወለደው ሉዊ ሻርል፣ ቆሞ የሚታየው ደግሞ በ1781 የተወለደው አልጋ ወራሹ ሉዊ ዮሴፍ ነው። አራተኛዋ ልጅ ሶፊ ቤያትሪስ በጁላይ 1786 የተወለደች ሲሆን፣ በአልጋው ውስጥ ተኝታ እንድትታይ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ ሳያልቅ በጁን 19 ቀን 1787 አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላት ሞተች። ሠዓሊዋም ሕፃንዋን ከሥዕሉ አወጣች፤ አልጋውን ግን በቦታው ተወችው። ትንሹ ልዑል ጣቱን የዘረጋው ሕፃን እኅቱን ለማሳየት ነበር፤ አሁን ግን የሚያመለክተው ወደ ባዶ ቦታ ሆነ። ለሕዝብ ማግባቢያ ተብሎ በተጀመረው ሥራ ውስጥ ማንም ያላዘዘው እውነተኛ ኀዘን ገባበት።

ባዶው ክፈፍ

ሥዕሉ በ1787ቱ ሳሎን እንዲታይ የታሰበበት ጊዜ የከፋ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትሩ ካሎን በመኳንንቱ ጉባኤ ፊት የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ታላቅ ጉድለት እንዳለበት ገልጾ ነበር። የጉድለቱ ዋና ምክንያቶች የጦርነት ዕዳና የተበላሸ የግብር ሥርዓት ቢሆኑም፣ ሕዝቡ ጥፋቱን በንግሥቲቱ ላይ ጥሎ እመቤት ጉድለት የሚል ቅጽል ስም አወጣላት።

የሳሎኑ በር በኦገስት ወር ሲከፈት የንግሥቲቱ ሥዕል በቦታው አልነበረም። ሕዝቡ ያዋርደዋል ተብሎ ስለተፈራ ሳይላክ ዘግይቶ፣ ለእርሱ የተዘጋጀው ትልቅ ክፈፍ ብቻውን ተሰቅሎ ታየ። አንድ ቀልደኛም ጉድለቱ ይኸውና የሚል ትርጉም ያለው ወረቀት በባዶው ክፈፍ ላይ ለጠፈ። ቀልዱ ከተማውን አዳረሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥዕሉ መጥቶ ተሰቀለ፤ ነገር ግን ተመልካቹ አስቀድሞ ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። አንዳንዶቹ የቀለሙን አያያዝና የአሣሣሉን ክብር አደነቁ፤ ሌሎች የንግሥቲቱን ፊት ቀዝቃዛ፣ ደስታ የራቀው ብለው ነቀፉ።

በዚያው ዐውደ ርእይ ቪዤ ለብራን ሌላ የእናትና የልጅ ሥዕል አቅርባ ነበር። ይህ ደግሞ ልጅዋን ዡሊን አቅፋ ራስዋን የሣለችበት ነው። በሥዕሉ ላይ ሠዓሊዋ ፈገግ ብላ ጥርስዋ በመጠኑ ስለታየ አንዳንድ ተቺዎች ከሥርዓት ውጭ ነው ብለው አጉረመረሙ። ይሁን እንጂ የአቅፎቱ ሙቀት ተመልካችን ይስባል። አንዲት እጅ የሠራቻቸው እነዚህ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው የችሎታ አይደለም። በአንዱ እናቲቱ ልጅዋን ብቻ ታቅፋለች፤ በሌላው ልጆችዋንም፣ ዘውዱንም፣ የመንግሥትን ዕዳም ታቅፋ መቀመጥ አለባት።

ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በሥዕሉ ተደስቶ፣ ራሱ ስለ ሥዕል ብዙ እንደማያውቅ፣ እርስዋ ግን ሥዕልን እንዲወድ እንዳደረገችው ገልጾላታል። ሥዕሉም ወደ ቬርሳይ ተመልሶ በአዳራሽ ተሰቀለ። በጁን 4 ቀን 1789 ግን አልጋ ወራሹ በሕመም ሞተ። በባዶው አልጋ ላይ ጣቱን የዘረጋው ልጅ ራሱ ከእኅቱ ተከተለ። ንግሥቲቱ በዚያ ሥዕል አጠገብ ስታልፍ እንባዋን መቈጣጠር ስላልቻለች እንዲነሣ አዘዘች። ከጥቂት ወራት በኋላ የተቈጣው ሕዝብ ቬርሳይን ሲወር ሥዕሉ በቦታው ስላልነበረ ከጥፋት መዳኑን ሠዓሊዋ ጽፋለች። ስለዚህ ሥዕሉን ለተከታዩ ትውልድ ያቈየው የሹማምንት ጥበቃ ሳይሆን የአንዲት እናት ኀዘን ነው ማለት ይቻላል።

ስደትና ሙያ

በኦክቶበር 1789 መጀመሪያ የንጉሡ ቤተሰብ በግድ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ በተወሰደበት ሰሞን ቪዤ ለብራን እንደ ተራ ሠራተኛ ሴት ለብሳ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅዋን ይዛ በሕዝብ ሠረገላ በሌሊት ከፓሪስ ወጣች። ጥቂት ወራት የመሰላት ጉዞ ከ12 ዓመት በላይ ፈጀ። ይዛ የሄደችው ሀብት ጥቂት ነበር፤ ሙያዋ ግን ከእርስዋ ጋር ነበር።

በፍሎሬንስ ዝነኛ ሠዓሊዎች የራሳቸውን ምስል ለሚያስቀምጡበት ለኡፊዚ ቤተ መዘክር ራስዋን ስትሥል ታይታለች፤ ከፊትዋ ባለው ሸራ ላይ የምትነድፈውም የማሪ አንቷኔትን ፊት ነው። በ1790 የሮማው የቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ አባል አደረጋት። በኔፕልስ የማሪ አንቷኔትን እኅት የማሪያ ካሮሊናን ልጆች ሣለች። ከዚያም ወደ ቪየና፣ በ1795 ደግሞ ወደ ሩስያ ሄዳ በፒተርስቡርግ ስድስት ዓመት ያህል ኖረች። በዚያም የካትሪን 2ኛን የልጅ ልጆች ክንዳቸውን ገልጣ በመሣልዋ ንግሥተ ነገሥታቱ ስላልወደደችው፣ እጅጌ ጨምራ አስተካከለችው። ከቬርሳይ የተማረችው ትምህርት በፒተርስቡርግም አስፈልጓታል።

በአገርዋ ስምዋ በስደተኞች መዝገብ ገብቶ የዜግነት መብትዋን አጣች፤ ባልዋም ንብረቱን ለማዳን በ1794 ፈታት። ከሁሉ የከፋው መርዶ ግን ሌላ ነበር። ንጉሡ በጃንዋሪ 1793፣ ንግሥቲቱ በኦክቶበር 16 ቀን 1793 በጊዮቲን ተገደሉ። በሥዕሉ ላይ በጭን የተቀመጠው ሉዊ ሻርልም በእስር ቤት ማቅቆ በጁን 1795 በ10 ዓመቱ ሞተ። ከአራቱ ልጆች የተረፈችው ማሪ ቴሬዝ ብቻ ናት። ቪዤ ለብራን በሩስያ ሳለች የንግሥቲቱን መልክ ከትዝታዋ ሥላ በስደት ለምትኖረው ለዚችው ልጅ ላከችላት። በአንድ ወቅት ለሕዝብ ተብሎ የተሣለው ፊት አሁን ለአንዲት ሙት ልጅ መጽናኛ ሆነ።

ከ200 የሚበልጡ ሠዓሊዎች፣ ጸሐፊዎችና ምሁራን ፈርመው ስምዋ ከመዝገቡ እንዲሰረዝ አመለከቱ፤ በ1800ም ተሰረዘ። በ1802 መጀመሪያ ወደ ፓሪስ ተመለሰች። ቀጥሎም በእንግሊዝ ሁለት ዓመት ያህል ቈየች፤ ወደ ስዊስም ተጕዛ ደራሲዋን ማዳም ደ ስታልን ሣለች። የኋላ ዘመንዋን ፓሪስና በአቅራቢያዋ በምትገኘው በሉቭሲየን መንደር አሳለፈች። ባልዋ በ1813፣ በጋብቻ ምክንያት ከእርስዋ ጋር የተቀያየመችው ልጅዋ ዡሊ በ1819፣ ወንድምዋ በ1820 ሞቱ። የሕይወት ታሪክዋ ከ1835 እስከ 1837 በሦስት ክፍል ታተመ፤ በዚህም ውስጥ ከ600 በላይ የሰዎችን መልክና 200 ያህል የመልክዐ ምድር ሥዕሎችን እንደሠራች ዘርዝራለች። በማርች 30 ቀን 1842 በ86 ዓመትዋ ዐረፈች፤ በሉቭሲየንም ተቀበረች።

ከሞተች በኋላ ስምዋ ለረጅም ጊዜ የባለጸጎች ሠዓሊ ከመባል አላለፈም ነበር። በፈረንሳይ አገር ሥራዎችዋን በብዛት ያሰባሰበ ታላቅ ዐውደ ርእይ የተዘጋጀላት በ2015 በፓሪስ ግራን ፓሌ ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት ወደ ኒው ዮርክና ወደ ኦታዋ ተሻግሯል።

የ1787ቱን ሥዕል ያዘዙት ሹማምንት በአንድ ነገር ተሳስተዋል። ሥዕል የመንግሥትን ዕዳ ሊከፍል፣ የጐደለ እምነትንም ሊሞላ አይችልም። ሠዓሊዋ ይህን መለወጥ አልቻለችም። የቻለችው ነገር ቢኖር ሥራውን በሙሉ ችሎታዋ መሥራትና ሞት ያመጣውን ባዶ ቦታ አለመደበቅ ነበር። አልጋውን ጨርሳ ልታጠፋው፣ በቦታውም አበባ ልትሥልበት ትችል ነበር። ባለማድረግዋ ግን ሥዕሉ ከታዘዘበት ጉዳይ በላይ ዕድሜ አገኘ። ያ ጉድለት፣ ያ ሐብል፣ ያም ዘውድ ታሪክ ሆነው ቀርተዋል። ባዶውን አልጋ የሚያይ ሰው ግን ዛሬም ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።